ወድቆ የተገኘ ቦርሳ

ፈረንሳዊው ደራሲ አንትዋን ሎሬን እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው «ባለቀይ ደብተሯ ሴት» የፍቅር ልብ ወለድ ነው፤ ፍቅሩ ግን የሚጀምረው ከቆሻሻ ገንዳ ላይ ነው። ፓሪስ ውስጥ በማለዳ አንድ መጽሐፍ ሻጭ በመንገድ ሲያልፍ ገንዳ ላይ የተቀመጠ ሐምራዊ የቆዳ ቦርሳ ያያል። የሴት ቦርሳ ነው፤ አላረጀም፣ አልተቀደደም፣ ውስጡም ዕቃ አለ። ደህና ቦርሳ ከነዕቃው የሚጥል ሰው የለምና የተሰረቀ መሆን አለበት ብሎ ያነሣዋል። በዚህች አንዲት ማንሣት ምክንያት ሥራ ይፈታል፣ ሳይዋሽ ያታልላል፣ ከፍቅረኛው ይጣላል፣ የሰው ድመት ይቀልባል፤ በመጨረሻም አይቷት የማያውቃትን ሴት ይወዳል።

አጋጣሚ የማይተዋወቁ ሰዎችን የሚያገናኝበት ይህ ዓይነቱ የፍቅር ታሪክ መጨረሻው ምስጢር አይደለም። ሽፋኑን ያየ አንባቢ ሁሉ ሁለቱ እንደሚገናኙ ያውቃል፤ የማያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ መጨረሻውን ማውራት እንደ ወንጀል ልብ ወለድ ነውር አይሆንም። የደራሲው ጭንቀት «ይገናኙ ይሆን?» የሚለው ሳይሆን «እስከዚያ ድረስ በምን ላቆያቸው?» የሚለው ነው። በሌላ የፍቅር ታሪክ ወላጅ ይከለክላል፣ ጦርነት ይለያያል፣ ድህነት እንቅፋት ይሆናል። እዚህ ግን በመካከላቸው ያለው አጥር አለመተዋወቃቸው ብቻ ነው፤ ይህን አጥር ደግሞ አንድ የስልክ ጥሪ ያፈርሰዋል። ሎሬን ይህን የሚያህል ደካማ አጥር ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው እንዴት አድርጎ እንዳቆመው ማየት ነው የመጽሐፉ ዋና ጨዋታ።

አጥሩን መሥራት የጀመረው ቀማኛው ነው። ባለቦርሳዋ ሎር ቫላዲዬ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ በክፈፎችና በጌጣጌጦች ላይ ስስ የወርቅ ቅጠል እየለጠፈች የምታድስ ባለሙያ ናት። ሌሊት ወደ ቤቷ ስትገባ በሯ ላይ አንድ ሰው ቦርሳዋን ይመነትፋታል፤ አልሰጥም ብላ ስትታገል ጭንቅላቷ ከበሩ ብረት ጋር ይጋጫል። ሰውየው ይሮጣል። ቁልፏ፣ ገንዘቧና ስልኳ ቦርሳው ውስጥ ስለነበሩ ደጅ ትቀራለች። ከመንገዱ ማዶ ወዳለ ሆቴል ገብታ የሌሊት ተረኛውን ትለምነዋለች፤ ጠዋት እከፍላለሁ ትለዋለች፤ እርሱም ክፍል ይሰጣታል። ያለ መታወቂያና ያለ ገንዘብ፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ከተማ! በመጽሐፉ ካሉት አጋጣሚዎች ሁሉ ለማመን የሚቸግረው ይህ የተረኛው ደግነት ነው። ጠዋት ግን ሎር አትነቃም። በጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ኮማ ውስጥ ገብታለች፤ ሆስፒታል ትወሰዳለች። ቦርሳው በአንድ በኩል፣ ባለቤቱ በሌላ በኩል፣ ሁለቱም አፍ የላቸውም።

ቀማኛው ቦርሳውን ከመጣሉ በፊት የኪስ ቦርሳዋን፣ ስልኳንና መታወቂያዋን አውጥቶ ወስዷል። በዚህ ሥራው የልብ ወለዱ ተባባሪ ደራሲ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መታወቂያውን ትቶት ቢሆን መጽሐፍ ሻጩ አድራሻውን አንብቦ በሩን ያንኳኳል፤ የሚከፍት ሲያጣ ቦርሳውን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ታሪኩም ከሁለት ገጽ አያልፍም። ስልኩን ትቶት ቢሆን ደግሞ ከሁለት ገጽም ያንስ ነበር። መንግሥት ሰውን የሚለይባቸው ነገሮች ሁሉ ሄደዋል፤ የቀረው ሌባ የማይፈልገው ነው። ሎሬን የመረጠው መንገድ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሴትየዋን ለአንባቢ የሚያስተዋውቃት ሌባ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልኛል» ብሎ በተወው ኮተት ነው።

ኮተቱ ግን አንድ በአንድ ሲወጣ ምንም ተራ አይደለም። ቁልፎች አሉ፤ መያዣቸው ላይ ለጎብኚዎች እንደሚሸጠው ጌጥ በጥንት ግብፃውያን የሥዕል ጽሕፈት ስም ተቀርጿል። ሀባኒታ የተባለ ሽቶ አለ፤ ይህ ሽቶ በእውኑ ዓለምም ያለ ነው፤ ሞሊናር የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1921 ሲያወጣው መጀመሪያ የታሰበው ለሰው ገላ ሳይሆን ለሲጋራ ማሸተቻ ነበር። ከመጽሔት ላይ የተቀደደ የምግብ አሠራር አለ። የላውንደሪ ደረሰኝ አለ። የፓትሪክ ሞዲያኖ ልብ ወለድ አለ፤ በውስጠኛው ገጹ ላይ ደራሲው ራሱ ለሎር ብሎ የጻፈው ማስታወሻና ፊርማ ሰፍሯል። በመጨረሻም ቀይዋ ደብተር አለች። ሎር የሚያስደስቷትንና የሚያስፈሯትን ነገሮች እንደመጣላት የምትጽፍባት ናት። ከቀይ ጉንዳን ጀምሮ በማለዳ እስከሚጮኽ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቀሪን እስከ ማየት ድረስ ፍርሃቷ ተዘርዝሯል።

ሎራን የሚባለው መጽሐፍ ሻጭ የሚሠራው ስሕተት ይህችን ደብተር ማንበቡ ነው፤ የሚሠራው ደግ ሥራም ይኸው ነው። ሰው ሲተዋወቅ በተለምዶ በስም ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሥራ፣ ቀጥሎ ሰፈር፣ ቀጥሎ ዘመድ አዝማድ፤ ፍርሃት የሚወራው ዘግይቶ ነው፤ በብዙ ትዳር ውስጥ ጨርሶ ሳይወራም ይቀራል። ሎራን ግን ተገላቢጦሽ ሄደ። የሚያስፈራትን ሁሉ ካወቀ በኋላ የአባቷን ስም ገና ሲፈልግ ነበር። መልኳን ጭራሽ አያውቅም። ለዚህ ነው ፍቅሩ ሲመጣ የማያስገርመው፤ ሰውየው ከፍቅር በኋላ የሚታወቀውን ቀድሞ አንብቦታል።

እርሱ ራሱ ማን ነው ቢባል፣ ቀድሞ በባንክና በገንዘብ ነክ ሥራ ይተዳደር የነበረ፣ ኋላ ግን ያንን ትቶ የመጻሕፍት መደብር የከፈተ ሰው ነው። ከሚስቱ ተፋትቷል፤ ክሎዌ የምትባል ከአባቷ ይልቅ ነገር ቶሎ የሚገባት ኮረዳ ልጅ አለችው። ስሙ ከደራሲው ስም፣ የሴትየዋም ስም ከእርሱ ስም ብዙ አይርቅም፤ ይህን አስቦ ሠርቶት እንደሆነ ደራሲው ብቻ ነው የሚያውቀው። በምድር ላይ ካሉት ሙያተኞች ሁሉ ቦርሳው መጽሐፍ ሻጭ እጅ መግባቱም ያለ ነገር አይደለም። ሥጋ ሻጭ ቢያገኘው ምናልባት የምግቡን አሠራር አይቶ አስተያየት ይሰጥ ይሆናል እንጂ የሞዲያኖን ፊርማ እንደ አሻራ አይከተልም።

መጽሐፍ ሻጩ መጀመሪያ የሚያደርገው ሕጋዊውን ነው። ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ወረፋ አለ። ጠብቅ ሲሉት ሱቁን የሚከፍት ሰው ነውና ኋላ እመለሳለሁ ብሎ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። የልብ ወለድ ፖሊሶች ቀልጣፋ ቢሆኑ ኖሮ ስንት የፍቅር ታሪክ ገና ሳይወለድ በቀረ! እርግጥ ፓሪስ ለጠፋ ዕቃ መፍትሔ ያጣች ከተማ አይደለችም። ወድቆ የተገኘ ዕቃ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ባለቤቱን እንዲጠብቅ ያደረገው በናፖሊዮን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1805፣ የከተማዋ የፖሊስ ሹም ነው። ጽሕፈት ቤቱ ኋላ ሞሪዮን በተባለው ጎዳና ቁጥር 36 ተቀምጦ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ጃንጥላ፣ ቁልፍ፣ ጓንትና ቦርሳ በመደርደሪያ ሲያኖር ኖሯል። ሎራን ቦርሳውን ወደዚያ ቢልከው ምንም ነገር አይጎድልበትም ነበር፤ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ባለቤቷም ከኮማዋ ስትነቃ ፎርም ሞልታ ትወስደዋለች። አስተማማኝ አሠራር ነው። ልብ ወለድ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ሰውየው ራሱ ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው ፍንጭ የሞዲያኖ ፊርማ ነው፤ የመጽሐፉ እጅግ አስቂኝ ክፍልም ይኸው ነው። ፓትሪክ ሞዲያኖ የፈጠራ ሰው አይደለም፤ እውነተኛ ደራሲ ነው። ቦርሳው ውስጥ የተገኘው ልብ ወለድም በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ነው። ሞዲያኖ ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው ስለ ጠፉ ሰዎች ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ የድሮ የስልክ ማውጫ ያገላብጣሉ፣ የተለወጠ የቤት ቁጥር ይፈልጋሉ፣ ስማቸውን የቀየሩ ሰዎችን ዱካ በፓሪስ ጎዳናዎች ይከተላሉ። «ዶራ ብሩደር» የተባለው ሥራው የተነሣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1941 በፓሪስ ጋዜጣ ላይ ከወጣ፣ አንዲት የጠፋች ታዳጊን ከሚያፈላልግ አጭር ማስታወቂያ ነው፤ ልጅቷ በእውን የነበረች አይሁዳዊት ናት፤ ኋላም ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳለች። እንግዲህ ሰው ጠፍቶበት የሚፈልግ መጽሐፍ ሻጭ የሚያማክረው ማንን ነው? ፍለጋን ሙያው ያደረገውን ሰው።

ሎራን ደራሲውን የሚያገኘው በሉክሰምቡር የአትክልት ቦታ ሲንሸራሸር ነው። ሞዲያኖ በእውኑ ሕይወቱ ንግግር የማይሆንለት፣ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መሐል ላይ የሚተው፣ በቴሌቪዥን ሲቀርብ ጠያቂውን የሚያስጨንቅ ዐይን አፋር በመሆኑ ይታወቃል። ሎሬን ይህን ጠባዩን ሳይሳለቅበት አስገብቶታል። ሁለቱ ዐይን አፋሮች ቆመው ሲነጋገሩ ከንግግራቸው ዝምታቸው ይበዛል፤ ያም ሆኖ ሎራን የሚያስፈልገውን ያህል ያገኛል። በእውነተኛ ሰው ልብ ወለድ ውስጥ መጫወት ለደራሲ አደገኛ ነገር ነው፤ ሰውየው ቢከፋውስ? ሎሬን ግን ዕድሉ ቀናው። መጽሐፉ በታተመበት በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት፣ ሞዲያኖ የሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። የአትክልት ቦታ ተንሸራሻሪ ሆኖ የገባው ገጸ ባሕርይ ዓመት ሳይሞላው የዓለም ዜና ሆነ። ስለ አጋጣሚ የሚያወራ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ሊመኝ አይችልም፤ ደራሲው በልብ ወለዱ ውስጥ ቢጽፈው ኖሮ ሐያሲ ሁሉ «ይሄስ በዛ» ባለ ነበር።

ቀስ በቀስ ስሟም፣ ከላውንደሪው የተመለሰ ልብሷም፣ አድራሻዋም ይገኛል። እዚህ ላይ የጨዋ ሰው ታሪክ ማለቅ ነበረበት። ሎራን ልብሱንና ቦርሳውን ይዞ ቤቷ ሲደርስ ግን በሩን የሚከፍተው ዊልያም የሚባል የሥራ ባልደረባዋና ወዳጇ ነው። ዊልያም ሎር ሆስፒታል መሆኗን ያውቃል፤ ድመቷንም እየመጣ የሚቀልበው እርሱ ነው። ልብሷን ከላውንደሪ አውጥቶ፣ ቁልፏን ይዞ፣ ስሟን እየጠራ የመጣ ወንድ ሲያይ ወዳጇ መሰለው፤ ማንም ቢሆን እንዲሁ ይመስለው ነበር። ዊልያም ራሱ ለሥራ ከከተማ መውጣት አለበት። ድመቷን አደራ ይለዋል።

ሎራን በዚህች ሰዓት አንድም ውሸት አልተናገረም። «ወዳጇ አይደለሁም» አለማለቱ ብቻ ነው ጥፋቱ። አፍ ሳይዋሽ ሰው እንዴት እንደሚዋሽ ማስተማሪያ የሚፈልግ ይህን ምዕራፍ ማንበብ ይበቃዋል። እሺ ይላል፤ ዊልያም ይሄዳል፤ መጽሐፍ ሻጩም በማያውቃት ሴት ሳሎን፣ በማያውቃት ሴት ሶፋ ላይ፣ ከማያውቃት ሴት ድመት ጋር ይቀራል። ድመቷ ጥቁር ናት፤ ቤልፌጎር ትባላለች። ስሙ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1965 በቴሌቪዥን ካዩት በሉቭር ቤተ መዘክር ሌሊት ሌሊት ከሚዞር መንፈስ የመጣ ነው፤ በሰው ቤት በስውር ለሚመላለስ እንግዳ ከዚህ የሚስማማ አስተናጋጅ አይገኝም። ሎራን የመጻሕፍት መደርደሪያዋን ያያል፤ መጽሐፍ ሻጭ ነውና አይፈረድበትም። ፎቶዎቿን ያያል፤ ይህ ግን ትንሽ ይፈረድበታል። ባሏ ጋዜጠኛ እንደነበረና በኢራቅ እንደተገደለ የሚረዳው በዚህ መንገድ ነው።

ነገሩ ከልብ ወለድ ውጭ እንዲህ በሰላም አያልቅም። ለዚህ ምስክር አለ። ፈረንሳዊቷ የኪነ ጥበብ ባለሙያ ሶፊ ካል እ.ኤ.አ. በ1983 ፓሪስ ጎዳና ላይ የአድራሻ ደብተር ወድቆ አገኘች። ገጾቹን ፎቶ ኮፒ አድርጋ ደብተሩን ስሟን ሳትገልጽ ለባለቤቱ ላከችለት። ከዚያ ደብተሩ ላይ ስማቸው የሰፈረ ሰዎች ዘንድ እየደወለች ስለ ባለቤቱ ጠየቀቻቸው፤ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ምን ይወዳል፣ እንዴት ይኖራል። የነገሯትንም «ሊቤራሲዮን» በተባለው ጋዜጣ ላይ በተከታታይ አወጣችው። ባለደብተሩ ከጉዞ ተመልሶ ነገሩን ሲያውቅ በቁጣ ነደደ፤ ልከስ ነው አለ። ካል እርሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ሥራውን ዳግመኛ ላለማሳተም ተስማማች፤ በመጽሐፍ መልክ የወጣው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ካልም የወደቀ ነገር አንሥታለች፤ እርሷም ባለቤቱን በኮተቱ ልታውቀው ሞክራለች። የእርሷ መጨረሻ ጠበቃ ሆነ፤ የሎራን መጨረሻ መሳም ነው።

ሎሬን አንባቢው ጠበቃ እንዳይጠራ የሚያደርገው በጥንቃቄ ነው። አንደኛ ሎራን ያፍራል፤ ቦርሳውን ሲከፍትም፣ ደብተሩን ሲገልጥም፣ ሶፋው ላይ ሲቀመጥም እየተሸማቀቀ ነው። ያፈረ ሰው ደግሞ ግማሽ ምሕረት ያገኛል። ሁለተኛ ያወቀውን ለማንም አይሸጥም። ሦስተኛውና ዋናው፣ ወደ ኋላ የማለት ጊዜው ሲደርስ ወደ ኋላ ይላል። ሎር መንቃቷን ሲሰማ ቦርሳውን፣ ቁልፉንና አንድ ደብዳቤ ቤቷ ትቶ ይጠፋል። አድራሻውን አይተውም። ስልኩንም አይተውም። ይህ ጨዋነት ነው ወይስ ፍርሃት ማለት ያከራክራል፤ ሁለቱም ይመስላል። ያም ሆኖ መጽሐፉ ከዚህ የሰው ጓዳ የመግባት ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። ሴትየዋ ወንድ፣ ወንድየው ሴት ቢሆኑ፣ ወይም ሎራን መልከ መልካምና መጽሐፍ ወዳድ ባይሆን፣ ያው ድርጊት ሌላ ዓይነት ልብ ወለድ ውስጥ ይገባ ነበር፤ መርማሪ ፖሊስ ያለበት ዓይነት።

በዚህ ሁሉ መሐል ዶሚኒክ አለች። ዶሚኒክ የሎራን ፍቅረኛ ናት፤ ጋዜጠኛ ናት፤ ምንም አላጠፋችም። ሎራን ስልክ አያነሣም፣ ቀጠሮ ይረሳል፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የሴት ቦርሳ አለ። «ወድቆ አግኝቼው ነው» ይላታል። በዓለም ላይ ከተነገሩት የወንድ ማስተባበያዎች ሁሉ ይህን የሚያምን አይኖርም፤ እርሷም አላመነችም፤ ሌላ ሴት ይዟል ብላ ደመደመች። ትክክልም ነበረች። ስሕተቷ ከእርሱ ቀድማ ማወቋ ብቻ ነው። ሎራን ገና «ቦርሳ ልመልስ ነው» እያለ ራሱን ሲያታልል፣ ዶሚኒክ የነገሩን መጨረሻ አይታ ሄደች። አንባቢ አያዝንላትም፤ ደራሲው እንዲታዘንላት ጊዜ አልሰጣትምና። ዘውጉ በዚህ በኩል ጨካኝ ነው፤ የማይተዋወቁት ሁለቱ እንዲገናኙ የሚተዋወቁት ሁለቱ መለያየት አለባቸው፤ ይህ ግን በማንኛውም ሽፋን ጀርባ ላይ ተጽፎ አይታይም።

መጽሐፉን ከመሰሎቹ ከፍ የሚያደርገው ሁለተኛው አጋማሽ ነው። ሎር ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ስትገባ የተሰረቀው ቦርሳዋ ሳሎኗ ተቀምጦ ታገኘዋለች። ልብሷ ከላውንደሪ መጥቷል። ድመቷ ጠግባለች። ማን እንደገባ አታውቅም፤ ያላት የማታውቀው ሰው ደብዳቤ ነው። አሁን ፈላጊዋ እርሷ ናት። እስከዚህ ድረስ ኮማ ውስጥ ሆና የምትታወቅ፣ የምትነበብ፣ የምትታሰብ የነበረችው ሴት ነቅታ የራሷን ምርመራ ትጀምራለች፤ ከእርሱም ያነሰ ፍንጭ ይዛ። ይህ ባይኖር መጽሐፉ የተኛች ሴት ጓዳ ስለሚያገላብጥ ወንድ ብቻ ይሆን ነበር። ፍለጋው ከሁለቱም ወገን ሲሆን ዕዳው ይተላለቃል። በመጨረሻ መጻሕፍት መደብሩ ውስጥ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቦርሳው ከተገኘ ብዙ ቀን አልፏል፤ ያገናኛቸው ግን አጋጣሚ አይደለም፤ ቦርሳውን ያመጣችው ዕድል ሥራዋን በመጀመሪያዎቹ ገጾች ጨርሳ ሄዳለች። ቀሪው ሁለት ሰዎች «የማያገባኝ ነገር ነው» ማለት አቅቷቸው የሠሩት ነው።

ሎሬን ይህን ዘዴ የጀመረው በዚህ መጽሐፍ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ባወጣው «የፕሬዚዳንቱ ባርኔጣ» ውስጥ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ ምሽት ምግብ ቤት ውስጥ ባርኔጣቸውን ረስተው ይወጣሉ፤ አጠገባቸው እራት ይበላ የነበረ የሒሳብ ሠራተኛ ባርኔጣውን አድርጎ ይሄዳል፤ ከዚያ ባርኔጣው ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ የእያንዳንዱን ኑሮ ይለውጣል። እዚያም ዕቃው ይዞራል፤ ሰው ይከተለዋል። ሎሬን ደራሲ ከመሆኑ በፊት በጥንታዊ ዕቃዎች ንግድ ውስጥ ሠርቶ ስለነበር ዕቃ ባለቤት ሲለውጥ ምን ይዞ እንደሚሄድ የማየት ልምድ አለው።

ዘውጉ ግን ከሎሬንም፣ ከፓሪስም ይሰፋል። ሚክሎሽ ላስሎ የተባለ ሀንጋሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1937 በጻፈው ተውኔት ቡዳፔስት ውስጥ በአንድ ሽቶ ቤት የሚሠሩ ወንድና ሴት በሥራ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ለማያውቁት ወዳጅ የፍቅር ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ የማይታወቁት ወዳጆች እነርሱው ናቸው። ሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ1940 ፊልም አደረገው፤ በ1998 ደግሞ ደብዳቤውን በኢሜይል ተክቶ እንደገና ሠራው። ታሪኩ ፖስታ ቤቱን ለውጦ ቀጠለ።

የአማርኛ ልብ ወለድም የተጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት፣ ኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መንታዎቹን ዋሕድንና ጦቢያን ይዞ ይነሣል። አባታቸው በጦርነት ተማርኮ ነፃ መውጫው ገንዘብ ጠፋ፤ ዋሕድ ገንዘብ ፍለጋ ሲወጣ የማያውቀው ሀብታም ነጋዴ ይገጥመዋል፤ ነጋዴው ጉዳዩን ሰምቶ ገንዘቡን ይሰጠዋል፤ ስሙን ሳይነግር ይሄዳል። ታሪኩን ሁሉ የሚወልደው ይህ ስም አለመናገር ነው። ዋሕድ ባለውለታዬን ላመስግን ብሎ ፍለጋ ሲወጣ ራሱ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ በዚህ መንገድ ላይ ነው ክርስቲያን ያልሆነውን፣ ኋላ ግን ለእርሷ ሲል የሚጠመቀውን ንጉሥ የምታገኘው። ለመመስገን የማይጠብቅ ደግ ሰው ይህን ያህል መከራ ሲያመጣ በሌላ መጽሐፍ አይታይም። የሎሬን ቀማኛ ቦርሳ ነጥቆ ያደረገውን፣ የአፈወርቅ ነጋዴ ገንዘብ ሰጥቶ አደረገው፤ ሁለቱም ስማቸውን ሳይተዉ በመሄዳቸው ሌላው ሰው ሁሉ መንገድ ገባ። ልዩነቱ ሎራን በሜትሮ ሲሄድ ዋሕድ በእግሩ መሄዱ ነው፤ ሎራን ቢበዛ ቀጠሮ ያልፈዋል፤ ዋሕድ ግን ነፃነቱን ነው ያጣው።

«ባለቀይ ደብተሯ ሴት» እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ ወጥቶ ከፈረንሳይ ውጭ ሰፊ አንባቢ አገኘ። በ2020 ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ፣ ያን ጊዜ የልዑል ቻርልስ ባለቤት የነበሩት የአሁኗ የእንግሊዝ ንግሥት ካሚላ ለሕዝብ ካቀረቧቸው የሚነበቡ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አካተቱት። ሰዓቱ ተስማሚ ነበር፤ ሰው ሁሉ ከማያውቀው ሰው ሁለት ሜትር እንዲርቅ በታዘዘበት ወቅት የማያውቁትን ሰው ቦርሳ ከፍቶ ሽቶውን ስለሚያሸት ወንድ ማንበብ ራሱን የቻለ ድፍረት ነው።

የዘውጉ ሕመም አሁን ሞባይል ነው። ስም በኢንተርኔት ተፈልጎ ፎቶው በሦስት ሰከንድ በሚገኝበት ዘመን ሁለት ሰዎችን ሳይተዋወቁ ማቆየት ከባድ ነው፤ ሎሬን ሌባ ቀጥሮ ስልኩን ማስወሰድ ነበረበት። እንግሊዛዊቷ ቤዝ ኦሊሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ልብ ወለድ ሌላ መፍትሔ አገኘች። ለንደን ውስጥ ኪራይ ስለተወደደ ቲፊ የምትባል ሴትና ሊዮን የሚባል የሌሊት ፈረቃ ነርስ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ ይጋራሉ፤ እርሷ ማታ፣ እርሱ ቀን ይተኛሉ። ሳይተያዩ ወራት ያልፋል። የሚነጋገሩት በፍሪጅና በግድግዳ ላይ በሚለጥፉት ቁራጭ ወረቀት ነው፤ መጀመሪያ ስለ ሽንት ቤት ክዳንና ስለ ተረፈ ምግብ፣ ቀስ በቀስ ስለ ሌላው ሁሉ። እዚህ የማያስተዋውቃቸው የሥራ ሰዓት ነው፤ ያገናኛቸውም አጋጣሚ ሳይሆን የቤት ኪራይ ነው። ቤቱን ለማከራየት ስምምነቱን የፈጸመችው፣ ሁለቱ በአካል እንዳይገናኙም ደንብ ያወጣችው የሊዮን ፍቅረኛ ኬይ ናት፤ ነገር እንዳይመጣ ብላ ነበር። እንደ ዶሚኒክ ሁሉ እርሷም ቀድማ ገብቷታል፤ እንደ ዶሚኒክ ሁሉ እርሷም መጽሐፉ ሳያልቅ ወጥታለች።